ስለ ጕልሕ ፊደል ጠባይና አገልግሎት

አንባቢ ሆይ፤ በሬዲዮ የሚናገር ሰው አንዱን ቃል ከሌላው አብልጦ ለማሰማት በፈለገ ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ወይም ጥቂት ዝም ብሎ ቆይቶ ቃሉን ለብቻው ይናገረዋል። ጽሑፍ ግን ጉሮሮ የለውም። በጋዜጣ አናት ላይ የተቀመጠው ርእስ፣ በመንገድ ዳር የቆመው ሰሌዳ፣ በመሥሪያ ቤት በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው በፊደሉ መጠንና ውፍረት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ለዚሁ ሥራ ስለተለየው ስለ ጕልሕ ፊደል ነው፤ ይኸውም ከየት እንደመጣ፣ ጠባዩ ምን እንደሆነ፣ በእኛ ፊደል ሲሠራበትም ምን ጥንቃቄ እንደሚሻ ለማስረዳት ነው።

ነገሩ የአታሚዎችና የሠዓሊዎች ብቻ ጉዳይ መስሎ ከታየዎት፣ በሐሳብዎ ወደ መተማ ይውረዱ። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችውን ገንዳ ውኃን አልፎ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መተማ ዮሐንስ ከተባለችው የድንበር ከተማ ይደርሳል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋራ በተደረገው ጦርነት ቆስለው ሕይወታቸው ያለፈው በዚህ ስፍራ ነውና፣ የከተማዪቱ ስም ከስማቸው ጋራ ተጣምሮ ቀርቷል። ከትንሹ ወንዝ ማዶ ያለችው ገላባት የሱዳን ናት። አገሩ ቆላ ነው፤ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ የቀትሩ ፀሐይም ዐይንን ያጥበረብራል።

በዚህ አገር ማስታወቂያ የሚያነበው ሰው ማን ነው? አንደኛው፣ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ በየዓመቱ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው ምናልባት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ትምህርቱን ያቆመ፣ ፊደልን በአፉ እየቈጠረ የሚያነብ ይሆናል። ደግሞም በቆላው ካላዛር የተባለ በሽታ አለ፤ በጥቃቅን የአሸዋ ዝንቦች ንክሻ የሚተላለፍና ሳይታከሙት ቢቀር የሚገድል ነው። ሌሊት በሜዳ፣ ይልቁንም በግራር ዛፍ ሥር የሚተኛ ሠራተኛ ለዚህ ዝንብ ይጋለጣል። ሁለተኛው አንባቢ ከማዶ የሚመጣው ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በመተማ በኩል በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሰው ድንበሩን ተሻግሮ ገብቷል። ደክሞትና ደንግጦ ለሚመጣ እንዲህ ያለ ሰው ውኃ የት እንዳለ፣ ሐኪም የት እንደሚገኝ፣ ስሙን የት እንደሚያስመዘግብ የሚነግረው የመጀመሪያው ነገር በእንጨት ላይ የተቸነከረ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ፊደሉ ከሩቅ መታየቱና አለመታየቱ የጌጥ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ጕልሕ የተባለው ፊደል ወደ ዓለም እንዴት እንደወጣ እንመልከት።

በላቲን ፊደል የታተመ መጽሐፍ ቢገልጡ፣ በየፊደሉ ግንድ ጫፍ ላይ ቀጭን መቆሚያ ያያሉ። በመጽሐፍ ፊደል ይህ መቆሚያ ስስ ነው፤ ለቅርብ ንባብ ዐይንን በመስመሩ ላይ ይመራል እንጂ ከሩቅ አይታይም። በእንግሊዝ አገር ግን ፋብሪካ ተስፋፍቶ ንግድ በበረታበት ዘመን፣ ነጋዴው፣ የቴያትር ቤቱና የሎተሪው ባለቤት ማስታወቂያቸውን በግድግዳ ላይ መለጠፍ ጀመሩ። መንገደኛው እየሄደ እንዲያነብበው የመጽሐፍ ፊደል አልበቃ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1810ዎቹ ዓመታት ቪንሰንት ፊጊንስ የተባለ የለንደን ፊደል አፍሳሽ መቆሚያውን እንደ ግንዱ አወፍሮ፣ ጫፉንም እንደ ጡብ ቀጥ አድርጎ ቈርጦ አዲስ ፊደል አወጣ። ፈረንጆች ዛሬ ይህን ዐይነቱን ስላብ ሰሪፍ ይሉታል፤ ባለ ጠፍጣፋ መቆሚያ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ግብፃዊ እየተባለ ይጠራ ነበር። ናፖሌዎን በ1798 ወደ ግብፅ ከዘመተ ወዲህ የግብፅ ነገር ሁሉ በአውሮፓ ፋሽን ሆኖ ነበርና፣ ስሙ ከዚያ መጣ እንጂ ፊደሉ ከግብፅ ጋራ ዝምድና የለውም።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገሮች ይህን ፊደል አስፋፉት። አንደኛው እንጨት ነው። ትልልቅ ፊደል በእርሳስ ማፍሰስ ከባድና ውድ በመሆኑ፣ በ1827 ዳርየስ ዌልስ የተባለ የኒውዮርክ ሰው ፊደልን በመኪና ከእንጨት እየቀረጸ በብዛት ማውጣት ጀመረ። በአሜሪካ የምዕራብ አገር ወንበዴ ለያዘ ሽልማት እንደሚሰጥ የሚናገሩት ማስታወቂያዎች በእንዲህ ያለ የእንጨት ፊደል ይታተሙ ነበር። ሁለተኛው፣ በ1845 ሮበርት ቤዝሊ የተባለ እንግሊዛዊ ክላረንዶን ብሎ የሰየመውን ፊደል ማውጣቱ ነው። ይህ መቆሚያው ከግንዱ ጋራ በቀስታ እየታጠፈ የሚጋጠም፣ ለዐይን ለስለስ ያለ ሲሆን፣ በመዝገበ ቃላትና በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አንዱን ቃል ከሌሎቹ ለይቶ ለማጕላት ያገለግል ነበር።

ጠባዩን ባጭሩ እንናገር። ጠፍጣፋው መቆሚያ ፊደሉን በመስመሩ ላይ አጥብቆ ያስቀምጠዋል። የግንዱም የመቆሚያውም ውፍረት ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ሻካራ፣ ቀለሙም ቀጭን ቢሆን ከፊደሉ አካል ተቆርጦ የሚጠፋ ነገር የለም። በጽሕፈት መኪና ላይ ደግሞ ለሁሉም ፊደል እኩል ስፍራ ስለሚሰጥ፣ ቀጫጭኖቹ ፊደላት ረዘም ያለ መቆሚያ ተሰጥቷቸው ባዶውን ስፍራ ይሞሉበታል። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ ብዙ ስፍራ ይፈጃል፤ በረጅም ጽሑፍም ዐይንን ያደክማል። ጠባዩ የዐዋጅ ነጋሪን ይመስላል፤ ለሁለት ቃል ግሩም ነው፤ ለሁለት ገጽ ግን ራስ ያዞራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አባቶቻችን አንድን ቃል ከሌላው ለይቶ ማሳየትን ከማንም አልተማሩም። በብራና መጽሐፍ ውስጥ የምዕራፉ መክፈቻ፣ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ የቀረው በጥቁር። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ድምፅን ከፍ የማድረጊያው ጥንታዊ መንገድ ቀለሙ ነበር። ይሁን እንጂ ውፍረትንና መጠንንም ያውቁ ነበር። ጎንደር መናገሻ በሆነችበት ዘመን፣ ከፍ ባለ ጥንቃቄና ወጪ ለሚጻፉ መጻሕፍት ፊደሉ ሰፋ፣ ግንዱም ወፈር ብሎ፣ በፊደልና በፊደል መካከልም በቂ ስፍራ ተትቶ የሚጻፍበት ስልት ነበረ። ሊቃውንት ይህን የጽሕፈት ዐይነት ጕልሕ ይሉታል። ዛሬ ጉልህ ምክንያት፣ ጉልህ ስሕተት ስንል የምንናገረው ቃል ይኸው ነው። እንግዲህ ለዚህ ንግግር ርእስ ስንመርጥ የፈረንጁን ስም ትተን ጕልሕ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቃሉም ሥራውም በጎንደር አገር ተገኝቷልና።

በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1513 በሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። በአገራችን ማተሚያ ቤት ተቋቁሞ ሥራው የተስፋፋው ግን በሃያኛው መቶ ዓመት ነው፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በስሙ የተጠራውም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። አዲስ ዘመን ደግሞ በ1933 ዓ.ም. ተከተለ። ጋዜጣ በጥቁር ቀለም ብቻ ሲታተም የቀዩን ቀለም ሥራ ማን ይሥራው? ወፍራሙ ፊደል ሠራው። ርእሱ በቀይ መጻፉ ቀርቶ በጕልሕ ተጻፈ። ዳሩ ግን ችግር ነበረበት። እንግሊዛዊው አታሚ ለአንድ መጠን ርእስ 26 ትልልቅ ፊደል ቢያስቀርጽ ይበቃዋል። የእኛ አታሚ ግን 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ቅርጽ፣ ዲቃሎቹና አኃዙም ሲጨመሩ ከዚያ የበለጠ ያስፈልገዋል። ለአንድ መጠን ዘጠኝ እጥፍ ድካም ማለት ነው። ፊደል ለቃሚው በየሣጥኑ የሚያገኘው የርእስ ፊደል ከፈረንጁ ይልቅ በዐይነቱ ጥቂት የነበረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ይህን አንድ ነገር ቢይዙልኝ የቀረውን ቢረሱም አይከፋኝም። በላቲን ፊደል መቆሚያው ጌጥ ነው፤ በእኛ ፊደል ግን እግሩ ይናገራል።

በልጅነትዎ በገበታ ላይ የቈጠሩትን ያስታውሱ። «በ» ብለን በወገቡ በስተቀኝ አጭር ሰረዝ ብንጨምር ካዕብ ሆኖ «ቡ» ይባላል። ሰረዙን ወደ እግሩ ጫፍ ብናወርደው ሣልስ ሆኖ «ቢ» ይሆናል። በዚያው በእግሩ ጫፍ ቀለበት ብናደርግለት ኀምስ፣ «ቤ»። ቀኝ እግሩ ቢረዝም ራብዕ፣ «ባ»። ብዙዎቹ ፊደላት በዚህ ሥርዐት ይሄዳሉ። እንግዲህ የፈረንጁን ጠፍጣፋ መቆሚያ ለመምሰል በ«ለ» ቀኝ እግር ላይ አንድ ወፍራም መቆሚያ የጨመረ ሠዓሊ ፊደሉን አላስጌጠም፤ «ሊ» አድርጎታል። «ግባ»፣ «ግቡ»፣ «ግቢ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ይመልከቱ። የመጀመሪያው ለአንድ ወንድ የሚነገር ነው፤ ሁለተኛው ለብዙዎች ነው፤ ሦስተኛው ወይ ለሴት የተነገረ ትእዛዝ ነው፤ ወይም አጥር ያለው ቅጽር ማለት ነው። ልዩነቱ ሁሉ ያለው በአንዲት ፊደል ወገብና እግር ላይ ነው።

ስለዚህ የእኛ ጕልሕ ፊደል ኀይሉን ከግንዱ ውፍረትና ከአካሉ ስፋት እንጂ ከተጨመረ እግር ማግኘት የለበትም። የብዕሩ ባሕርይም ይህን ያሳያል። የሸምበቆው ብዕር አፉ ሰፊ ሆኖ ስለሚቀረጽ፣ ቁልቁል ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ያወጣል። ብራናን በእጅ ይዞ ለሚያነብ ይህ ያምራል። ከ30 ሜትር ርቀት በቀትር ፀሐይ ለሚያነብ ግን ወፍራሙ ግንድ ብቻ ይታይና ቀጭኑ ሰረዝ ይጠፋል፤ «ሉ» የነበረው «ለ» መስሎ ይቀራል። ስለሆነም ለሰሌዳ የሚጻፍ ፊደል ሰረዞቹ ከግንዱ ጋራ ተመጣጥነው መወፈር፣ ቀለበቶቹም መከፈት አለባቸው። ከባለ ጠፍጣፋ መቆሚያው ፊደል ልንቀዳው የሚገባን ትምህርት ይህ ነው፤ የውፍረቱን መመጣጠን እንጂ የእግሩን ቅርጽ አይደለም።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ለሥራ ወደዚያ ቆላ በወረድሁ ጊዜ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ለሰሊጥ ሠራተኞች የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ጽሑፉ ሌሊት በዛፍ ሥር መተኛት ስለሚያመጣው በሽታ የሚያስጠነቅቅ ነበር። ጸሓፊው ለሰው በማሰብ ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ቃል በኮምፒዩተር አደመቀው። ኮምፒዩተር ደግሞ ለዚያ ፊደል በባለሙያ የተዘጋጀ ወፍራም ቅርጽ ሳይኖረው ሲቀር፣ ቀጭኑን ፊደል በየወገኑ ያሳብጠዋል እንጂ አይቀርጸውም። የ«ቤ» ቀለበት ተደፍኖ ነበር፤ የ«ሌ» ቀለበት የቀለም ጠብታ መስሎ ነበር፤ መስመር ከመስመር ተጣብቋል። አንድ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ የያዘ ወጣት ከፊቱ ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጥቂት ፊደል ቈጠረ። ከዚያም ተወውና ሄደ። ቃሉን አሳስቶ ቢያነብበው ኖሮ ጠይቆ ይታረም ነበር። እርሱ ግን ማንበቡን ነው የተወው። ማስታወቂያው ግን በመዝገብ ላይ ለሕዝብ እንደተነገረ ተቈጥሯል።

ቀድሞ ለእንዲህ ያለው ጉድለት የፊደል መቅረጫው ዋጋ ምክንያት ይሆን ነበር። ዛሬ ግን ይህ ምክንያት አይበቃም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በፈረንጆች አቆጣጠር ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ከገባ ወዲህ፣ እውነተኛ ወፍራም ቅርጽ ያላቸው የአማርኛ ፊደላት ተሠርተዋል፤ ያለ ክፍያ የሚገኙም አሉ። የሚጐድለው መምረጡ ነው።

በጆንያ ላይ ቀለም የሚያትምም ሰው ይህን ያውቃል። የሰሊጥ ጆንያ ላይ ስም ለመጻፍ ፊደሉን ከቆርቆሮ ወይም ከካርቶን ቈርጠው በላዩ ቀለም ሲቀቡ፣ እንደ «መ»፣ «ወ» እና «ቀ» ያሉት ክብ ያላቸው ፊደላት ችግር ያመጣሉ። ክቡ ዙሪያውን ሲቈረጥ የውስጡ ክፍል አብሮ ይወድቃል፤ ፊደሉም ጥቁር ድቡልቡል ይሆናል። ስለዚህ ብልኅ ቈራጭ በክቡ ላይ ድልድይ የምትሆን ቀጭን ማያያዣ ይተዋል። ፊደል የሚነበበው በጥቁሩ ብቻ ሳይሆን በውስጡ በቀረው ባዶ ስፍራ ጭምር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር የለም።

መተማን በመሰለ የድንበር ከተማ ደግሞ ሰሌዳው ሦስት ዐይነት ፊደል ቢይዝ መልካም ነው፤ የእኛን፣ የዐረቡንና የላቲኑን። የላቲኑ ውፍረትን በቀላሉ ይሸከማል። ዐረብኛው ግን እንደ እኛው ጥንቃቄ ይሻል። «ባ» እና «ታ» የሚባሉት ፊደሎቻቸው አካላቸው አንድ ሆኖ የሚለዩት፣ ያኛው ከበታቹ አንዲት ነጥብ፣ ይህኛው ከበላዩ ሁለት ነጥብ በመያዛቸው ነው። ነጥቦቹ ከአካሉ ጋራ ከተጣበቁ ቃሉ ይጠፋል። ስለዚህ ሦስቱን በአንድ ቁመት መጻፍ ሦስቱን እኩል ማሰማት አይደለም። ሰሌዳውን ከሩቅ ቆሞ በዐይን መመዘንና ደከም ያለውን ከፍ ማድረግ ይገባል።

እርስዎ፣ አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት ፊደል ቀራጭ አይደሉም። ነገር ግን ማስታወቂያ የሚያረቅቅ፣ የሚፈርም ወይም የሚያስለጥፍ ሰው ይሆናሉ። ስለዚህ እነዚህን ጥቂት ነገሮች ልብ ይበሉ። በመጀመሪያ፣ ሁሉን አያጕሉ። ሁሉ የጮኸበት ገበያ ማንም አይሰማበትምና፣ በአንድ ገጽ ላይ ጕልሕ የሚጻፈው ዋናው ትእዛዝ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ ቃሉን ያሳጥሩ፤ «ሌሊት በዛፍ ሥር አትተኙ» የሚለው አራት ቃል ሆኖ በትልቁ ቢጻፍ፣ ምክንያቱና ዝርዝሩ ከበታቹ በመደበኛ ፊደል ሊከተል ይችላል። ሦስተኛ፣ መጠኑን በርቀቱ ይለኩ። ሰሌዳ ሠሪዎች ለየ3 ሜትሩ ርቀት የ2.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት የሚሰጡበት ልማድ አላቸው፤ ከ30 ሜትር እንዲታይ የሚፈለግ ፊደል 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ልማዱ ለላቲን ፊደል የወጣ ነውና፣ ለእኛ ጥቃቅን ሰረዞች ጥቂት ቢጨመርበት ይሻላል። አራተኛ፣ በፊደላቱና በመስመሮቹ መካከል ባዶ ስፍራ ይተዉ፤ ባዶው ስፍራ እንደ ተናጋሪው ዝምታ ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው ፈተናው ነው። ማስታወቂያውን ከመፈረምዎ በፊት በግድግዳ ላይ አስለጥፈው 30 እርምጃ ይራቁ። ከዚያም ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሁሉ ንባብ የሚከብደውን፣ ምናልባት ዘበኛውን ወይም አትክልተኛውን፣ በአክብሮት ጠርተው፣ «እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» ይበሉ። እርሱ ሳይደናቀፍ ካነበበው ይፈርሙ። ከተደናቀፈ ግን ጥፋቱ የእርሱ አይደለምና ጽሑፉን ይመልሱት።

ትእዛዝ ያወጣ ሰው ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ትእዛዙ ሥራ የሚሆነው ግን በሌላው ዐይን በገባ ጊዜ ነው። በመተማ ሜዳ ላይ ማጭዱን ይዞ የቆመው ያ ወጣት ፊደል ለማወቅ የከፈለው ድካም አለ፤ ከሩቅ መንደር ተምሮት፣ እስከ ቆላው ይዞት ወርዷል። እኛም በበኩላችን እግሩ የተስተካከለ፣ ቀለበቱ የተከፈተ ፊደል ልንጽፍለት ይገባናል።